ተቀምጦ ዳሌን ማፍታታት፦ የ«ቢራቢሮ» አቀማመጥ አሠራር፣ ጥንቃቄዎችና ተያያዥ የጤና አገልግሎቶች

ይህ መረጃ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ለሚኖሩና ለሚሠሩ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ይዘቱም ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ከመዋል የሚመጣን የዳሌና የብሽሽት መጨማደድ ለማፍታታት የሚያገለግለውን የ«ቢራቢሮ» አቀማመጥ፣ አቀማመጡን መለማመድ የሌለባቸውን ወይም ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች፣ እንዲሁም ሕመም ሲኖር የጤና አገልግሎት የሚገኝበትን ቅደም ተከተል ይመለከታል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• የልምምዱ ግብ ጉልበትን መሬት ማስነካት አይደለም። ግቡ ወገብን ቀጥ አድርጎ ዳሌን ያለ ሕመም ማፍታታት ነው።
• ጉልበትን በእጅ፣ በክርን ወይም በሌላ ሰው እገዛ ወደ ታች መጫን ጉዳት ያስከትላል።
• አቀማመጡ የእግር ጉዞን ወይም ሌላ የአካል ብቃት እንቅስቃሴን አይተካም።
• ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም የእግር መደንዘዝ ያለበት የዳሌ ወይም የወገብ ሕመም በምርመራ እንጂ በልምምድ አይታከምም።

1. አቀማመጡ ምንድን ነው?

ተለማማጁ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱን ጉልበቶች ወደ ጎን ከፍቶና ውስጥ እግሮቹን እርስ በርስ አገናኝቶ የሚቆይበት የዮጋ እንቅስቃሴ ነው። በሳንስክሪት ቋንቋ «ባድሃ ኮናሳና» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የታሰረ ማዕዘን አቀማመጥ» ማለት ነው። በሕንድ ጫማ ሰፊዎች ሲሠሩ በዚህ መልክ ስለሚቀመጡ «የጫማ ሰፊ አቀማመጥ» የሚል መጠሪያም አለው። «ቢራቢሮ» የተባለው የተከፈቱት ጉልበቶች የቢራቢሮ ክንፍ ስለሚመስሉ ነው።

ዮጋ ከሕንድ የመነጨ ጥንታዊ ልማድ ሲሆን፣ በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የበይነ መንግሥታት ኮሚቴ 11ኛ ጉባኤ ነው። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚሁ ጉባኤ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ሰኔ 14 ቀን በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኖ ይከበራል። በዚህ መረጃ የቀረበው ግን የአካል እንቅስቃሴው ብቻ ነው።

2. ለምን ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲጨምሩ ይመክራል። ተቀምጦ የሚያልፈውን ጊዜ መቀነስም የመመሪያው አካል ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የበርካታ ነዋሪዎች ውሎ ይህን ምክር ለመተግበር አያመችም። ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከሲኤምሲ ወይም ከገርጂ ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በመገናኛ በኩል በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ተቀምጦ ይጓዛል፤ በቢሮ ተቀምጦ ይሠራል፤ ማታም በዚያው መንገድ ተቀምጦ ይመለሳል። የታክሲ አሽከርካሪዎች፣ የባንክና የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች፣ ልብስ ሰፊዎችና የሱቅ ጠባቂዎች ደግሞ ከዚህም ለረዘመ ጊዜ ከመቀመጫቸው አይነሡም። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለሰዓታት ቡና የምታፈላ ሴትም ዳሌዋ በአንድ ሁኔታ ታጥፎ ይቆያል።

ዳሌ ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ይጨማደዳሉ፤ ከመቀመጫ ሲነሡም ብሽሽትና ወገብ የመያዝ ስሜት ይፈጠራል። የቢራቢሮ አቀማመጥ በተለይ የውስጥ ጭን ጡንቻዎችን ያሳስባል። ዳሌን ወደ ጎንና ወደ ውጭ ስለሚያንቀሳቅስም በወንበር ላይ የማይገኝ የመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ይሰጣል። ይሁንና አንድ ጊዜ በደንብ ከማፍታታት ይልቅ በየ30 እና በየ60 ደቂቃው ከመቀመጫ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ለሰውነት የበለጠ አስፈላጊ ነው። አቀማመጡ የዚህ ልማድ ተጨማሪ ሆኖ ይወሰዳል።

3. የዳሌ መገጣጠሚያና የሰዎች ልዩነት

የዳሌ መገጣጠሚያ የሚፈጠረው የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ማረፊያ ውስጥ ሲገባ ነው። የማረፊያው ጥልቀትና አቅጣጫ፣ እንዲሁም የጭን አጥንት አንገት ማዕዘን ከሰው ሰው ይለያያል። በዚህ ምክንያት አንዱ ሰው ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ወዲያው ወደ መሬት ሲቀርቡ፣ ሌላው ለዓመታት ቢለማመድም ጉልበቶቹ ከመሬት ከፍ ብለው ይቆያሉ። ጡንቻ በልምምድ ይፍታታል፤ የአጥንት ቅርጽ ግን አይለወጥም።

ይህ ልዩነት ለተለማማጁ ደኅንነት ወሳኝ ነው። አጥንት ከአጥንት ጋር ተገናኝቶ እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ ጉልበት በኃይል ወደ ታች ሲጫን፣ ጫናው ወደ ዳሌው የመገጣጠሚያ ከንፈርና ወደ ጉልበት ጅማቶች ይሸጋገራል። በልምምዱ ወቅት ሊሰማ የሚገባው በውስጥ ጭን መሐል የሚታወቅ ለስላሳ የመሳሳብ ስሜት ብቻ ነው። ከብሽሽት ፊት ለፊት የሚሰማ የመቆንጠጥ ስሜት፣ በጉልበት ውስጥ የሚሰማ ሕመም፣ ወይም ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ልምምዱን ወዲያው ለማቆም በቂ ምክንያት ነው።

4. ቅድመ ዝግጅት

ልምምዱ ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም። በየቤቱ የሚገኙት የሚከተሉት ነገሮች በቂ ናቸው።

• ምንጣፍ፣ ሰሌን ወይም አጎዛ፦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሴራሚክ ወለል በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘ ወለል ላይ በቀጥታ መቀመጥ ጡንቻ ዘና እንዳይል ያደርጋል።
• የታጠፈ ጋቢ ወይም ጠንከር ያለ ትራስ፦ ከመቀመጫ ሥር ይደረጋል።
• ሁለት ትራሶች፦ ከጉልበቶች ሥር ይደረጋሉ።
• ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ረጅም ቀሚስ፦ እግርን የሚያጣብቅ ልብስ እንቅስቃሴውን ይገድባል።

ከልምምዱ በፊት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በመራመድ ወይም ደረጃ በመውጣትና በመውረድ ሰውነትን ማሟሟቅ ይገባል። ከባድ ምግብ ከተመገቡ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል መቆየት ይመከራል።

5. አሠራር

1. ምንጣፉ ላይ ጋቢው በአራት ታጥፎ ይደረግና ተለማማጁ በጋቢው የፊት ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። እግሮች ወደ ፊት ይዘረጋሉ።
2. የመቀመጫ አጥንቶች ሁለቱም እኩል ክብደት መሸከማቸው ይረጋገጣል። ወገብ ወደ ኋላ የሚጎብጥ ከሆነ ጋቢው እንደገና ታጥፎ ከፍታው ይጨምራል። ወገብ ያለ ትግል ቀጥ የሚልበት ከፍታ ለዚያ ሰው ትክክለኛው ነው።
3. ጉልበቶች አንድ በአንድ ይታጠፋሉ፤ ውስጥ እግሮችም እርስ በርስ ይገናኛሉ። ለጀማሪ ተረከዝ ከብሽሽት ከስንዝር ተኩል እስከ ሁለት ስንዝር ቢርቅ ይሻላል። ተረከዝ በቀረበ መጠን የመሳሳቡ ኃይል ይጨምራል።
4. ጉልበቶች በራሳቸው ክብደት ወደ ጎን እንዲወርዱ ይለቀቃሉ። በአየር ላይ ከቀሩ ትራሶቹ ከሥራቸው ይደረጋሉ። ጭን በትራስ ላይ ሲያርፍ ጡንቻው ዘና ይላል፤ ሳይደገፍ ሲቀር ግን ራሱን ለመከላከል ይጠነክራል።
5. እጆች ቁርጭምጭሚትን ይይዛሉ። የእግር ጣቶችን ይዞ ወደ ላይ መጎተት ቁርጭምጭሚትን ስለሚጠመዝዝ አይመከርም። ክርን በጉልበት ላይ አይደረግም።
6. ትከሻ ዝቅ ብሎ፣ አገጭ ቀና ብሎ፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ይተነፈሳል። በዚህ ሁኔታ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይቆያል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሕመም ከሌላቸው እስከ 60 ሰከንድ መቆየት ይችላሉ።
7. ተጨማሪ መሳሳብ የሚፈልግ ሰው ደረቱን ወደ ፊት አድርጎ ከዳሌው ጥቂት ያዘነብላል። ጀርባን አጉብጦ ግንባርን ወደ እግር ማውረድ መሳሳቡን ከዳሌ ወደ ወገብ ስለሚያዞረው ይቀራል።
8. ለመውጣት እጆች ከጉልበቶች ሥር ገብተው ጭኖችን ቀስ ብለው ወደ መሐል ይመልሳሉ። ከዚያም እግሮች ይዘረጋሉ፤ በቀስታም ይናወጣሉ።

እንቅስቃሴው ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይደገማል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን መለማመድ ለውጥ ለማምጣት በቂ ነው፤ ያለ ሕመም ከሆነ በየቀኑ መለማመድም ይቻላል። ጉልበቶችን በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ማርገብገብ በብዙ የስፖርት ሜዳዎች የተለመደ ቢሆንም ለጀማሪዎች አይመከርም።

6. መሬት ላይ መቀመጥ ለማይችሉ

*በወንበር ላይ፦* ተለማማጁ በማይሽከረከር ወንበር የፊት ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹን ከትከሻው ስፋት በላይ ይከፍታል፤ የእግር ጣቶቹንና ጉልበቶቹን በአንድ አቅጣጫ ወደ ውጭ ያዞራል። ከዚያም ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ከዳሌው ወደ ፊት ያዘነብላል። ይህ በቢሮ ውስጥ ልብስ ሳይቀይሩ የሚደረግ አማራጭ ነው።

*በጀርባ ተኝቶ፦* ተለማማጁ በጀርባው ተኝቶ ውስጥ እግሮቹን ያገናኛል፤ ከሁለቱም ጭኖች ሥርም ትራስ ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ ወገብ ጫና ስለማይኖርበት ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው መቀመጥ ለሚቸገሩ ሰዎች ይስማማል።

7. ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች

• *የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው ወይም በዳሌ፣ በጭንና በጉልበት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፦* ያከማቸው ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳይፈቅድ አይለማመዱም። ከቅየራ ቀዶ ሕክምና በኋላ አንዳንድ አቀማመጦች መገጣጠሚያውን ከቦታው ሊያወጡት ይችላሉ።
• *ነፍሰ ጡሮች፦* ተደግፎ መቀመጥ በአብዛኛው ችግር የለውም። ነገር ግን በእርግዝና ወቅት ጅማቶች ስለሚላሉ ከልክ በላይ መክፈት አይገባም። ከብልት በላይ ባለው አጥንት ላይ ሕመም ካለ ልምምዱ ይቆማል። ከእርግዝና አጋማሽ በኋላ በጀርባ ለጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ መተኛት አይመከርም።
• *የብሽሽት ጡንቻ ወይም የጉልበት ጉዳት ያለባቸው፦* ጉዳቱ እስኪድን ድረስ ይታገሣሉ።
• *ፕሬድኒሶሎንና መሰል መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፦* እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚደርሰውን የደም ዝውውር ሊጎዱና አጥንቱን ሊያዳክሙ ይችላሉ። አዲስ የብሽሽት ሕመም ከተሰማ ከልምምድ በፊት ምርመራ ያስፈልጋል።
• *የአጥንት መሳሳት ያለባቸውና ወድቀው የተጎዱ አረጋውያን፦* ስብራት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይለማመዱም።

የሕመም ማስታገሻ ወስዶ መለማመድ አይገባም። ማስታገሻው ሰውነት «በቃ» የሚልበትን ምልክት ስለሚሸፍን ተለማማጁ ጉዳት መድረሱን ሳያውቅ ይቀጥላል።

8. ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የዳሌና የወገብ ሕመም ሁሉ ከመቀመጥ የሚመጣ አይደለም። «መቀመጥ ነው ያመጣብኝ» በሚል ግምት ለወራት ቤት ውስጥ መቆየት ሊድን የሚችል በሽታ ሥር እንዲሰድ ያደርጋል። ለአብነት የአከርካሪ ቲቢ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀስ በቀስ በሚጨምር የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም ሲሆን፣ ዘግይቶ ሲታወቅ አከርካሪን ሊያጎብጥና እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። የቲቢ መድኃኒትም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

*በቀናት ውስጥ መታየት ያለባቸው ምልክቶች፦*

• ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየና በዕረፍት የማይሻል ሕመም፤
• ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሌሊት ሕመም፤
• ከሕመሙ ጋር የክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም የቆየ ትኩሳት፤
• ማነከስ፣ ወይም ካልሲና ጫማ ለማድረግ መቸገር፤
• ሕፃን ወይም ታዳጊ ያለታወቀ ምክንያት ሲያነክስ።

*በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች፦*

• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ሽንት መከልከል፤
• በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፤
• በፍጥነት የሚጨምር የእግር መዛል፤
• ከፍተኛ ትኩሳት ያለበትና እግርን ለማንቀሳቀስ የማያስችል የዳሌ ሕመም፤
• ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ በእግር መቆም አለመቻል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 የስልክ መስመር ይጠራል።

9. አገልግሎቱ የሚገኝበት ቅደም ተከተል

1. ድንገተኛ ያልሆነ ሕመም ያለበት ዜጋ በመጀመሪያ በሚኖርበት አካባቢ ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የአቅራቢያውን ጤና ጣቢያ ለማወቅ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ወይም ቤት ለቤት አገልግሎት የሚሰጡትን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መጠየቅ ይቻላል።
2. የጤና ጣቢያው ባለሙያ መርምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ የራጅ፣ የአጥንት ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ካስፈለገ የሪፈራል ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ከሚገኙት የመንግሥት ሆስፒታሎች መካከል በየካ ክፍለ ከተማ ያሉት ዳግማዊ ምኒልክና የካ ኮተቤ ይጠቀሳሉ። ታካሚው የሚላክበትን ተቋም የሚወስነው ላኪው ጤና ጣቢያ ነው።
3. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህንን ቅደም ተከተል ጠብቀው መሄድ ይኖርባቸዋል። ያለ ሪፈራል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ከኪስ ወደ መክፈል ሊያመራ ይችላል። ድንገተኛ ሕመም ሪፈራል አያስፈልገውም።
4. ለቀጠሮ ሲኬድ መታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተር ወይም ካርድ፣ በመወሰድ ላይ ያሉ መድኃኒቶች ወይም ዝርዝራቸው፣ እንዲሁም ቀደም ሲል የተነሡ ራጆች ይያዛሉ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ምን ሲደረግ እንደሚብስ አስቀድሞ መጻፍ ምርመራውን ያፋጥናል።

ነፍሰ ጡሮች ልምምድን የሚመለከት ጥያቄያቸውን በመደበኛ የእርግዝና ክትትል ቀጠሯቸው ማቅረብ ይችላሉ። የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል።

10. በማሠልጠኛ ማዕከል መለማመድ ለሚፈልጉ

በቦሌና አካባቢው ዮጋን የሚያካትቱ የስፖርት ማዕከላት ይገኛሉ። አንድ ዜጋ ከመመዝገቡ በፊት አሠልጣኙ ስለ ቀድሞ ሕመምና ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ መሆኑን፣ ለማይችሉ ሰዎች አማራጭ አቀማመጥ የሚያሳይ መሆኑን፣ ከሠልጣኙ ፈቃድ ውጭ ሰውነትን የማይነካና የማይጫን መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል። በተለማማጅ ጉልበት ላይ ተጭኖ ወይም ቆሞ «ለማውረድ» የሚሞክር አሠልጣኝን «አይሆንም» ማለት የተለማማጁ መብት ነው።

ክፍያ ለማይችሉ ወይም ከቤት ውጭ ለሚመርጡ ነጻ አማራጮች አሉ። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር መንገዶችን ለተወሰነ ሰዓት ከተሽከርካሪ ነጻ አድርጎ ለእንቅስቃሴ አመቻችቷል። በኮሪደር ልማት የተሠሩት፣ ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ ያለውን ጨምሮ፣ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም ሰውነትን ለማሟሟቅና በየቀኑ በእግር ለመጓዝ ይጠቅማሉ። ከሥራ ሲመለሱ አንድ ወይም ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ ከሳምንታዊው 150 ደቂቃ የተወሰነውን ይሸፍናል።

11. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

*ጉልበቴ መሬት ካልነካ ልምምዱ አልተሳካም ማለት ነው?*
አይደለም። የጉልበት ከፍታ በአብዛኛው በአጥንት ቅርጽ ይወሰናል። ወገብ ቀጥ ካለና በውስጥ ጭን ለስላሳ መሳሳብ ከተሰማ ልምምዱ ተሳክቷል።

*ከዳሌ «ቋ» የሚል ድምፅ ሲሰማ አደጋ ነው?*
ሕመም የሌለው ድምፅ በአብዛኛው ጉዳት አያመለክትም። ሕመም ወይም የመቆለፍ ስሜት ካለው ምርመራ ያስፈልጋል።

*በወጌሻ ማሳሸት ወይም ማስጎተት ይቻላል?*
የሕመሙ ምክንያት ሳይታወቅ ዳሌን መጎተት ወይም መጠምዘዝ አደገኛ ነው። ስብራት፣ የአጥንት ኢንፌክሽን ወይም ቲቢ ካለ ጉዳቱን ያባብሳል። በመጀመሪያ በጤና ተቋም መመርመር ይገባል።

*በጾም ሰዓት መለማመድ ይቻላል?*
እንቅስቃሴው ቀላል በመሆኑ ለጤናማ ሰው ይቻላል። የማዞር ስሜት ካለ ይቆማል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ያማክራሉ።

*ልምምዱ ከእምነት ጋር ይያያዛል?*
ዮጋ በመነሻው ፍልስፍናዊና መንፈሳዊ ይዘት አለው። እዚህ የተገለጸው አቀማመጥ ግን የሚደገም ቃልም ሆነ ሥርዓት የማይጠይቅ የጡንቻ ማፍታታት ነው።

*ክብደት ይቀንሳል? መካንነትን ይፈውሳል?*
አቀማመጡ የሚያቃጥለው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ክብደት ለመቀነስ አያገለግልም። መካንነትን፣ የኩላሊት ሕመምን ወይም የማሕፀን ችግርን ለማከምም አይውልም። እነዚህ ችግሮች ያሉባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን ማቋረጥ የለባቸውም።

*ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለማመድ ሰው ምን ያህል ጊዜ ይበቃዋል?*
በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቶችን በትራስ ደግፎ ለ10 ሰከንድ ሁለት ጊዜ መቆየት ይበቃል። በማግስቱ ከቀላል ድካም ያለፈ ሕመም ካልተሰማ ጊዜው ቀስ በቀስ ወደ 30 ሰከንድ ያድጋል። ሕመም ከተሰማ ልምምዱ ለጥቂት ቀናት ይቆማል፤ ሕመሙ ካልተሻለም በቁጥር 9 በተገለጸው ቅደም ተከተል መሠረት የጤና ባለሙያ ይማከራል።